መልስ፦ ሥራዬን ለቅቄ ተዋናይ ልሁን ወይ?

ወንድሜ፣ ሥራህን ለቅቀህ ሙሉ ጊዜህን ለትወና ብትሰጥ መኖር ትችል እንደሆነ ጠይቀሃል። እኔ ብሆን ገና አልለቅም።

ብዙ ሰው ስሌቱን የሚስተው እዚህ ላይ ነው፦ የአንድ የቀረጻ ቀን ክፍያ ይሰማና በሠላሳ ያባዛዋል። ቀረጻው ግን የሥራው ትንሿ ክፍል ናት። ለኦዲሽን (ለሚና መምረጫ ፈተና) የምትመላለስበት፣ ጽሑፍ የምታጠናበት፣ «እንደውልልሃለን» ተብለህ ስልክ ስልክህን የምታይበት ጊዜ ሁሉ ያለ ክፍያ ነው። ከምታገኘውም ላይ ግብር አለ፤ ሥራ የሚያፈላልግልህ ወኪል ካለህ ኮሚሽኑን ያነሳል (አሜሪካ ውስጥ የተለመደው 10 በመቶ ነው)። ፎቶው፣ ሥልጠናው፣ ትራንስፖርቱ ከኪስህ። ደግሞ ክፍያው ሥራው ካለቀ ከሳምንታት በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ የቤት ኪራይ እስከዚያ አይታገስህም።

ሚና ያገኙትም ቢሆኑ እፎይ አላሉም። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ ተዋንያን ማኅበር ሳግ-አፍትራ ለ118 ቀናት የሥራ ማቆም አድማ የመታበት አንዱ ምክንያት፣ ፊልሞች በኢንተርኔት መታየት ከጀመሩ ወዲህ ከድጋሚ ስርጭት የሚገኘው ክፍያ መመናመኑ ነበር።

ስለዚህ ሰዓቱን የምታዘዋውረው ሥራ ፈልግ፤ የፈረቃ ወይም ከቤት የሚሠራ። ድምፅህ ጥሩ ከሆነ ማስታወቂያና ትረካም ሞክር። ቢያንስ የስድስት ወር ወጪ ሳትይዝ አትልቀቅ።

«ሚና እንሰጥሃለን፣ መጀመሪያ ለምዝገባ ክፈል» የሚልህ ከመጣ ግን ሳትከራከር ውጣ። ውል ስትፈርምም የሚከፈልህ ቀን በጽሑፍ ይግባ።