ጭንቀቱ ከኒኮቲኑ ነው ወይስ ከቡናው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች አራቱን መርጠናል። ሁሉም ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው፦ ሲጋራ ትተው ወደ ቬፕ (ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) የዞሩ ሰዎች ስለሚገጥማቸው ያልጠበቁት ጭንቀትና ሌላ ችግር።

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች፣ ለ18 ዓመት በቀን 12 ሲጋራ አጭሻለሁ። ሐኪሜ ሲጋራውን በአንዴ መተው ካቃተህ ቬፕ ይሻልሃል ስላለኝ ገዛሁ፤ ይኸው ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ሻጩ የሰጠኝ በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ሚሊግራም የሚል፣ የኒኮቲን ጨው የሚባል የቬፕ ፈሳሽ ነው። ከዚያ ወዲህ ልቤ ይደልቃል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነቅቼ ጣሪያ ሳይ አድራለሁ። ቅዳሜና እሁድ ቤት ውስጥ ቡና ሲፈላ ደግሞ ይብስብኛል። ሲጋራ ሳጨስ እንዲህ ሆኜ አላውቅም። ብመለስ አይሻልም ትላላችሁ?
ልቤ የሚደልቀው፣ ከለንደን

መልስ፦ አይመለሱ። የሚሰማዎት ነገር እውነት ነው፤ ነገር ግን አንድ ነገር አይደለም። ሦስት ነገሮች ተደራርበው ጭንቀት በሚል አንድ ስም እየተጠሩ ነው፦ የኒኮቲን መብዛት፣ የኒኮቲን ማጣት ማለትም ሐራራ፣ እና ቡና። መፍትሔያቸው የተለያየ፣ አንዳንዴም ተቃራኒ ስለሆነ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። የሚለያቸው ደግሞ ሰዓት ነው።

ለሦስት ቀን ስልክዎ ላይ ይመዝግቡ፦ ቬፕ የሳቡበትን፣ ቡና የጠጡበትንና ልብዎ የደለቀበትን ሰዓት። መደለቁ፣ ማቅለሽለሹና ቀዝቃዛ ላቡ ቬፑን በሳቡ በደቂቃዎች ውስጥ መጥቶ፣ ዕቃውን ሲያስቀምጡ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ውስጥ እየለቀቀ ከሄደ ኒኮቲኑ በዝቶብዎታል። ሁለት ሦስት ሰዓት ሳይስቡ ቆይተው ብስጭት፣ መቁነጥነጥና ረሃብ ከያዘዎት፣ ጥቂት ሲስቡም ወዲያው ከተወዎት ሐራራ ነው። ቡና ከጠጡ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መጥቶ፣ ቢስቡም ባይስቡም የማይለወጥ ከሆነ፣ ከዚያም ሌሊት እንቅልፍ ከነሣዎት ጥፋተኛው ጀበናው ነው።

ከቡናው እንጀምር፤ ብዙ ሰው የሚስተው እሱን ነውና። የሲጋራ ጭስ በውስጡ ባለው ታር ምክንያት ካፌይንን የሚያፈርሰውን የጉበት ኢንዛይም ያፋጥነዋል። ስለዚህ አጫሽ የጠጣው ቡና ከሰውነቱ ቶሎ ይወጣል። ይህን የሚያደርገው ጭሱ እንጂ ኒኮቲኑ አይደለም፤ ቬፕ ደግሞ ጭስ የለውም። ሲጋራውን ካቆሙ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ኢንዛይሙ ወደ ተለመደ ፍጥነቱ ይመለሳል። ያኔ የሚጠጡት ቡና ሳይጨምር በደምዎ ውስጥ ያለው ካፌይን እጥፍ ገደማ ይሆናል። ሦስት ስኒ የጠጡ መስሎዎት ስድስት ጠጥተዋል ማለት ነው። በአንድ ጊዜ አይተዉት፤ ከባድ ራስ ምታት ያመጣል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ወደ ግማሽ ያውርዱት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላም አይጠጡ። እሁድ ጀበናው ሲቀርብ ጠንካራው አቦሉ ስለሆነ እሱን ለእንግዳው ይልቀቁና ከቶናው ይጀምሩ። ቅር የሚላት ሰው ቤት ውስጥ ካለች ይህን ዓምድ ያሳዩዋት።

አሁን ወደ ኒኮቲኑ። ከአንድ ሲጋራ ወደ ሰውነት የሚገባው ኒኮቲን ከ1 እስከ 1.5 ሚሊግራም ገደማ ነው። ስለዚህ በ12 ሲጋራ በቀን ከ12 እስከ 18 ሚሊግራም ያገኙ ነበር። በእንግሊዝ የሚሸጠው ፖድ፣ ማለትም የቬፑ ፈሳሽ መያዣ፣ 2 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ በ20 ሲባዛ 40 ሚሊግራም ነው። ሁሉም ወደ ደም አይገባም፤ ግን በቀን አንድ ፖድ ከጨረሱና ግማሹ ብቻ ቢገባ እንኳ ከለመዱት በላይ ነው። የኒኮቲን ጨው ደግሞ ጉሮሮ አይቧጭርም። የድሮው ዓይነት ፈሳሽ ሲበዛ ያስልና በቃህ ይላል፤ ጨው ግን ለስላሳ ስለሆነ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም።

ሌላው ችግር ቬፕ ማለቂያ የለውም። ሲጋራ አሥር አሥራ ሁለት ጊዜ ሲሳብ ያልቃል፣ ቁራጩ ይጣላል፤ ቬፑ ግን ኪስ ውስጥ ተቀምጦ ይጠራል። ስለዚህ ማለቂያውን እርስዎ ያበጁለት። በመጀመሪያ ሦስት አራት ጊዜ ብቻ፣ በመካከሉ 30 ሰከንድ ያህል እየቆዩ ይሳቡ። ከዚያ ዕቃውን አስቀምጠው 5 ደቂቃ ይጠብቁ። ሐራራው ካልበረደ ይድገሙ፤ በአንድ ጊዜ ከአሥር በላይ አይሂዱ። ኒኮቲን አንጎል የሚደርሰው በሰከንዶች ውስጥ ቢሆንም ሙሉ ውጤቱን ለመለየት ግን ደቂቃዎች ያስፈልጋሉ። ሳይጠብቁ የሚደራርቡ ናቸው ኋላ ላይ የሚጥወለወሉት።

ፈሳሹን ወደ 10 ሚሊግራም ያውርዱ። 10 የሚል ካላገኙ ተመሳሳይ ጣዕም ያለውን 20 ሚሊግራምና ኒኮቲን የሌለውን፣ 0 የሚለውን፣ እኩል በእኩል ቀላቅለው በደንብ ይነቅንቁ። 10 ሚሊ ሊትር ከ10 ጋር፣ 20 ሚሊ ሊትር ባለ 10 ሚሊግራም ይሆናል። ጓንት ያድርጉ፤ ቆዳ ላይ ከፈሰሰ በብዙ ውኃ ይታጠቡ፤ ጠርሙሱ ላይ አዲሱን መጠን ይጻፉ። በቀጥታ ወደ 3 አይዝለሉ። በቀን 12 ሲጋራ ያጨስ የነበረ ሰው በዚያ ዕቃ 3 አይበቃውም፤ በሁለተኛው ቀን ሐራራው ይመጣና ሲጋራ ይገዛል። በ10 ትንሽ አብዝተው መሳብዎ አይቀርም፤ ሰውነት የለመደውን መጠን ስለሚፈልግ ነው፣ አይደንግጡ። ለእንቅልፍዎ ደግሞ የመጨረሻውን ከመኝታ ሁለት ሰዓት በፊት ይጨርሱ፤ ከደም ውስጥ የኒኮቲን ግማሹ የሚወጣው በሁለት ሰዓት ገደማ ነውና።

እርስዎን በተለይ የሚያስቸግርዎት አንድ አዙሪት ይመስለናል። ኒኮቲን ሲበዛ ልብ ይፈጥናል፤ ልብ ሲፈጥን ሰው ይፈራል፤ ሲፈራ የ18 ዓመት ልማድ አንድ ሳብ አድርግና ተረጋጋ ይለዋል፤ ሲስብ ልብ ይብስ ይፈጥናል። ልብዎ ሲደልቅ ቬፑን ሌላ ክፍል ያስቀምጡ፣ ይቀመጡ፣ በ4 ሰከንድ አየር ያስገቡ፣ በ6 ሰከንድ ያውጡ፤ ለሦስት ደቂቃ። የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት፣ ወይም የተዛባ የልብ ምት ካለ ግን የኒኮቲን ጉዳይ ነው ብለው አይጠብቁ፤ 999 ይደውሉ።

ሲጋራ ሳጨስ እንዲህ ሆኜ አላውቅም ላሉት፦ የሐራራ ጭንቀት በየሰዓቱ ይመጣ ነበር፤ የሚቀጥለው ሲጋራ ስለሚያበርደው ሲጋራው የሚያረጋጋ ይመስል ነበር። በተጨማሪም በጭሱ ውስጥ ስሜትን የሚያነሡ ሌሎች ነገሮች አሉ፤ ቬፕ እነሱን ስለማይሰጥ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ሆድ ቢብስዎት አይገርምም። የሐራራው ጫፍ ሁለተኛና ሦስተኛው ቀን ነው፤ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ይበርዳል። እርስዎ ከባዱን አልፈውታል።

ጥያቄ፦ እኔ በቀን አራት ወይም አምስት ሲጋራ ነበር የማጨሰው። አሁን 5 ከመቶ የሚል አንዴ ተጠቅሜ የምጥለው ቬፕ ከእጄ አይለይም። በጾም ወቅት በተለይ ከሥራ መልስ ስስብ ያዞረኛል፣ ሁለት ጊዜም አስታወከኝ። ሰውነቴ ኒኮቲን አይችልም ማለት ነው?
ከሜሪላንድ

መልስ፦ እህታችን፣ ሰውነትሽ አይደለም፤ ቁጥሩ ነው። 5 ከመቶ ማለት በአንድ ሚሊ ሊትር 50 ሚሊግራም ገደማ ማለት ነው። በእንግሊዝና በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከ20 በላይ መሸጥ አይፈቀድም። አራት አምስት ሲጋራ ታጨስ ለነበረች ሴት ይህ ከልክ ያለፈ ነው። ኒኮቲንን የሚያፈርሰው የጉበት ኢንዛይም ከሰው ሰው ስለሚለያይ አንዱን የማይነካው መጠን ሌላውን ያስታውከዋል፤ ያም ቢሆን በ50 ማንም አይፈተን።

የምንመክርሽ ከ3 እስከ 6 ሚሊግራም ያለው ተራ ፈሳሽ፣ እንደ ሲጋራ መጀመሪያ ወደ አፍ ከዚያ ወደ ሳንባ በሚሳብ ጠባብ ዕቃ ነው። ኮይሉ፣ ማለትም ፈሳሹን የሚያሞቀው ሽቦ፣ ከ0.8 እስከ 1.2 ኦም፣ ኃይሉ ከ10 እስከ 15 ዋት ይሁን። ትልቅ ደመና የሚያወጣውን፣ ኮይሉ ከ0.5 ኦም በታች ሆኖ በ50 እና 60 ዋት የሚሠራውን አትግዢ። ፈሳሹ 3 ቢሆንም በአንድ ስበት ብዙ ስለሚያነድ መልሶ እዚያው ያደርስሻል። ሻጮች ይህን ሲያስረዱ ብዙም አንሰማም።

በጾም ባዶ ሆድ ሲሆን ደግሞ ኒኮቲኑ የሚያመጣው ማዞርና ማቅለሽለሽ በረሃቡ ላይ ይደረባል። ቤተ ክርስቲያን ስለ ትምባሆ ያላት አቋም የታወቀ ነው፤ እኛ የምንመልሰው የሰውነቱን ነው፦ ከመብላትሽ በፊት አትሳቢ። ካዞረሽ መሳቡን አቁሚና ዕቃውን አስቀምጪ፣ ንጹሕ አየር ባለበት ተቀመጪ፣ ውኃ ጠጪ፤ ሲለቅሽ ጥቂት ብዪ። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም ከጠረጠርሽ ይህን ሁሉ ትተሽ ሐኪምሽን አነጋግሪ። ቤት ውስጥ ልጅ ካለ ዕቃውንና ፈሳሹን ቆልፊባቸው፤ ልጅ ከቀመሰ ወዲያው የመርዝ መረጃ ማዕከል በ1-800-222-1222 ይደወላል።

ጥያቄ፦ ታላቅ ወንድሜ ለብዙ ዓመታት ኦላንዛፒን የሚባል የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ይወስዳል፤ ፓኮ ሙሉ ሲጋራ ያጨስ ነበር። ጨርሶ ወደ ቬፕ ከዞረ ሁለት ሳምንት ሆነው። ቀኑን ሙሉ ይተኛል፣ ሲነሣም ይንገዳገዳል። ቬፑ ይሆን?
ከነታንያ፣ እስራኤል

መልስ፦ ቬፑ ሳይሆን የሲጋራው መቅረት ሳይሆን አይቀርም። ኦላንዛፒንን የሚያፈርሰው ከላይ ስለ ቡና የጠቀስነው ያው ኢንዛይም ነው። ጭሱ ሲቀር መድኃኒቱ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ያው ክኒን ጠንከር ያለ ክኒን ይሆናል። ዛሬውኑ ለሐኪሙ ደውሉ፤ መጠኑን ራሳችሁ እንዳትቀንሱ፣ በድንገትም እንዳታቋርጡ። ክሎዛፒን የሚባለውን ተመሳሳይ መድኃኒት የሚወስድ ቢሆን ጉዳዩ ይበልጥ አስቸኳይ ነው፤ መጠኑ ሲበዛ የሚጥል በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ወንድምሽ ወደ ሲጋራ ከተመለሰም ለሐኪሙ ይነገር፤ መድኃኒቱ በተቃራኒው ያንሰዋል።

ጥያቄ፦ ለገና አዲስ አበባ እሄዳለሁ፣ ለሦስት ሳምንት። ቬፔን ይዤ ልግባ?
ከፍራንክፈርት

መልስ፦ አይያዙ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ወደ አገር ማስገባትንም መሸጥንም ይከለክላል። ቢጠፋብዎት ወይም ቢወሰድብዎት በሁለተኛው ቀን የዘመድ ሲጋራ እጅዎ ላይ ይሆናል፤ ያ ነው የምንፈራው።

ከመድኃኒት ቤት የሚለጠፍ ኒኮቲንና ማስቲካ ለሦስት ሳምንት የሚበቃ ይግዙ። በቀን ከአሥር በላይ ሲጋራ ያጨሱ ለነበሩ የተለመደው 21 ሚሊግራም ልጥፍ ነው፤ ከዚያ በታች ለነበሩ 14። ጠዋት ንጹሕና ፀጉር የሌለው ቆዳ ላይ ይለጥፉ፣ በየቀኑ ቦታ ይቀይሩ፤ ሕልም ካበዛብዎት ማታ ያውልቁት። ልጥፉ ቀኑን ይይዛል፣ ማስቲካው ድንገተኛውን ሐራራ። በነቁ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያጨሱ ከነበረ ባለ 4 ሚሊግራም፣ አለዚያ ባለ 2 ይውሰዱ። እንደ ተራ ማስቲካ አይታኘክም፦ ቀስ ብለው አኝከው አፍዎን ሲለበልብ በጉንጭና በድድ መካከል ያስቀምጡት፣ ሲቀዘቅዝ እንደገና ያኝኩ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል። ቶሎ ቶሎ ያኘከ ሰው ኒኮቲኑን ስለሚውጠው ስቅታና ቃር ይይዘዋል። ቡና ከጠጡ ደግሞ ማስቲካውን ከማኘክዎ በፊት 15 ደቂቃ ይቆዩ፤ የቡናው አሲድ ኒኮቲኑ በአፍ ውስጥ እንዳይገባ ያደርጋል። ለገና በየቤቱ ስኒ ሲቀርብልዎት ይህችን 15 ደቂቃ ማግኘቱ ሊከብድዎት ይችላል፤ ስለዚህ ማስቲካውን ወደ ዘመድ ቤት ከመግባትዎ በፊት መንገድ ላይ ይጨርሱት።