«አስካለ ከደብ» እና ሌሎች የአዲስ ስልክ ጭንቀቶች

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ፤ የምኖረው መሐል ሜዳ ነው። አዲስ አበባ ያለው ልጄ ለገና አዲስ ስማርት ስልክ ላከልኝ። የቀድሞውም ስማርት ስልክ ነበር፣ ግን ትንሽና ያረጀ ነው። የጎረቤቴ ልጅ ስሞቹን ወደ ሲም ካርዱ ገልብጦ ካርዱን አዲሱ ላይ አስገባልኝ። እውነቱን ልንገርህ ልጄ፣ ስልኩን አልወደድኩትም። ስሞቹ ተቆራርጠዋል፤ አንዷ አስካለ ደብረ ሲና፣ ሌላዋ አስካለ ደብረ ብርሃን ነው የሚኖሩት፤ አሁን ሁለቱም «አስካለ ከደብ» ሆነዋል። ባትሪውን ማታ ሞልቼ ባድር ጠዋት ግማሽ ሆኖ አገኘዋለሁ። የማሳድረው መስኮቱ ላይ ነው፤ ኔትወርክ የሚይዘው እዚያ ነውና። ለኪዳን እንዲቀሰቅሰኝ 11 ሰዓት ብዬ ብሞላው ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ጮኸ። በአማርኛ መጻፍም ጣቴን አድክሞኛል። አንድ የስልክ ሱቅ ልጅ ደግሞ «የሚስጥር ቁጥርዎን ይንገሩኝና ቴሌብሩን ላስገባልዎ» አለኝ፤ እስካሁን አልነገርኩትም። አሮጌውን ለልጅ ልጄ ቃል ገብቼለታለሁ። ልጄን እንዳላስቀይም ፈርቼ ነው እንጂ አዲሱን መልሼ ብልክለት ደስ ይለኛል። ምን ትመክረኛለህ?

መልስ፦ መምህርት፣ የሚስጥር ቁጥሩን አለመንገርዎ በጣም ደስ ብሎኛል። አሁንም አይንገሩት። ልጁ ቅን ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ቁጥሩ የእርስዎ ብቻ ነው። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. የጀመረ አገልግሎት ነው፤ ሒሳቡ የተያያዘው ከስልክ ቁጥርዎ ጋር በመሆኑ ቀፎ ስለቀየሩ ገንዘብዎ የትም አይሄድም፣ የሚስጥር ቁጥርዎም ያው የድሮው ነው። መተግበሪያውን ከፕሌይ ስቶር ያውርዱ፣ ስልክ ቁጥርዎን ያስገቡ፣ በአጭር መልእክት የሚደርስዎትን ማረጋገጫ ይሙሉ፣ ከዚያ የሚስጥር ቁጥሩን በራስዎ ጣት ይጻፉ። ልጁ አጠገብዎ ቆሞ የትኛውን እንደሚነኩ ቢያሳይዎ ጥሩ ነው፤ ቁጥሩን ሲጽፉ ግን ፊቱን ያዙር። ማረጋገጫውንም ቢሆን ለማንም አያንብቡለት። እስከዚያው *127# እየደወሉ መጠቀም ይችላሉ። እኔ ደብረ ብርሃን ስልክ ስጠግን ነው የምውለው። ገንዘባቸው የተወሰደባቸው ሰዎች ስልካቸውን ይዘው ሲመጡ ቀፎው ፍጹም ጤነኛ ነው፤ የምጠግንላቸው ነገር አጥቼ ስሸኛቸው ቀኑን ሙሉ ያንገበግበኛል።

ስልኩን አይመልሱት። ከጻፉልኝ ሁሉ ውስጥ የቀፎው ጉድለት ነው የምለው ነገር አላገኘሁም።

ስሞቹን የቆረጠው ሲም ካርዱ ነው። በአብዛኛው ሲም ካርድ የሚይዘው 250 ያህል ስም ሲሆን ለእያንዳንዱ ስም የተመደበው ቦታም በጣም ጠባብ ነው። በላቲን ፊደል የተጻፈ ስም እንደምንም ይገባል፤ የእኛ ፊደል ግን አብዛኛውን ጊዜ አንዱ የሁለት ላቲን ፊደል ቦታ ስለሚወስድ ስሙ መሐል ላይ ይቆረጣል። አጭር መልእክትም እንዲሁ ነው፤ በላቲን ፊደል 160 የሚያስጽፈው በአማርኛ ሲሆን 70 ላይ ያበቃል። ረዘም ያለ የአማርኛ መልእክት እንደ ሁለት ወይም እንደ ሦስት የሚቆጠረው ለዚህ ነው። ይህ ነገር ዘወትር ያናድደኛል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ስልኮቹ ያለ ችግር ያነቡታል፣ ሲም ካርዱ ግን ጥበቱን እንደያዘ ቀረ። ጉዳቱ ደግሞ በእኛ አካባቢ ይብሳል፤ የሰሜን ሸዋ ሰው ስም ብቻውን አይመዘግብም። «ከበደ ባና ሻጩ»፣ «ጌታቸው የጣርማበሩ ሹፌር»፣ «እማሆይ የአንኮበሯ» ብሎ ነው የሚጽፈው። ካርዱ ቆርጦ የሚጥለው ደግሞ ሰውየውን ከሞክሼው የሚለየውን ያንኑ ኋለኛውን ክፍል ነው። አንዳንዶች መፍትሔ ብለው ስሙን በላቲን ፊደል ይጽፋሉ። እኔ አልስማማም፤ አስካለ በፊደሏ ትጻፍ።

ደግነቱ ሙሉ ስሞቹ አልጠፉም። የጎረቤትዎ ልጅ የገለበጠው ቅጂውን ስለሆነ ዋናው እስካሁን አሮጌው ስልክ ውስጥ መኖር አለበት። አሮጌውን ከፍተው «እውቂያዎች» የሚለው ውስጥ ይግቡ፣ ከቅንብሮቹ ስሞቹን ወደ ውጭ መላኪያውን ይምረጡ። ሁሉም ስም በአንድ ፋይል ይጠቀለላል፤ ፋይሉን በብሉቱዝ ወደ አዲሱ ይላኩት። አዲሱ ላይ ፋይሉን ሲነኩት «የት ላስቀምጥ?» ብሎ ይጠይቅዎታል፤ የጉግል አካውንትዎን ይምረጡ፣ ሲም ካርዱን እንዳይነኩ። በዚህ ዓይነት ስልኩ ቢሰበርም ቢጠፋም ስሞቹ ከነሙሉ መጠሪያቸው ይመለሳሉ። በመጨረሻ በአዲሱ ስልክ የሲም ካርዱ ስሞች እንዳይታዩ ያድርጉ፤ አለበለዚያ አራት አስካለዎች ይሆኑብዎታል። የአካውንቱን የይለፍ ቃል ደግሞ ደብተር ላይ ጽፈው ከቁም ነገር ሰነዶችዎ ጋር ያኑሩት።

ወደ ባትሪው ልምጣ። መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የጥር ሌሊት ደግሞ ምን እንደሚመስል ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። የሊቲየም ባትሪ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው እንቅስቃሴ ይዘገያል፤ ስለዚህ ያለውን ኃይል አሟጦ መስጠት ያቅተዋል፣ ሲሞቅ ግን መልሶ ያገኘዋል። ከሸዋ ሮቢት የሚመጡልኝ ደንበኞች ችግር የዚህ ተቃራኒ ነው፤ የቆላ ሙቀት ባትሪን ለዘለቄታው ያስረጀዋል፣ ያ መመለሻ የለውም። በዚህ በኩል ደጋ መሆንዎ ጠቅሞዎታል። ሌላም ምክንያት አለ። ኔትወርክ የሚደክምበት ቦታ ያለ ስልክ ሌሊቱን ሙሉ ምልክት ሲፈልግ ያድራል፣ ባትሪ ክፉኛ ከሚበሉት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። በዚያ ላይ አዲስ ስልክ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መተግበሪያዎቹን ሲያድስና ፎቶዎቹን ሲያደራጅ ያለ ልክ ይሠራል። በእነዚያ ቀናት የሚታየውን ይዞ መፍረድ ስልኩን መበደል ነው።

ስለዚህ ማታ ከመስኮቱ አንሥተው ወደ ውስጥ ያስገቡት። ሌሊት የሚደውልልዎ ሰው ከሌለ ኔትወርኩን የሚዘጋው የአውሮፕላን ሁነታ ላይ ያድርጉት፤ ማንቂያው እንደሆነ በሰዓቱ ይጮኻል። ውርጭ ያገኘውን ስልክ ወዲያው ቻርጀር ላይ እንዳይሰኩት አደራ እላለሁ። ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ የሚሞላ ባትሪ ውስጡ ይጎዳል። ቤት ውስጥ ቀስ ብሎ ይለዝብ፤ ምድጃ ዳርም አያስጠጉት። ቤት ውስጥ እያደረም ከሁለት ሳምንት በኋላ ግማሽ ከሆነ ያኔ ባትሪው ተጠርጣሪ ነው፤ ልጅዎ ደረሰኙንና የዋስትና ወረቀቱን እስከዚያ እንዳይጥለው ይንገሩት።

የሰዓቱ ነገር ቀላል ነው። ስልኩ ከእኩለ ሌሊት ይነሣል፣ እኛ ከንጋት፤ ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። ንጋት 11 ሰዓት በስልኩ አቆጣጠር 5 ሰዓት ነው። ከቅንብሮች ውስጥ የ24 ሰዓቱን አቆጣጠር ይምረጡና ማንቂያውን 05:00 ላይ ይሙሉት፤ በዚህ አቆጣጠር ጠዋቱና ማታው አይደባለቅብዎትም።

ለመጻፍም ጣትዎን አያድክሙ። ጉግል ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አማርኛን ከድምፅ ወደ ጽሑፍ ይቀይራል። በጉግል የፊደል ገበታ ላይ ያለችውን የማይክሮፎን ምስል ነክተው ይናገሩ፣ እሱ ይጽፍልዎታል። በዚያ ሁሉ ዓመት ክፍል ውስጥ ጥርት አድርገው ያስተማሩበት አነጋገር እዚህ ይረዳዎታል፤ ቃል የሚውጥ ሰው ሲናገርበት ግን ይሳሳታል።

አሮጌውን ስልክ ለልጅ ልጅዎ ለመስጠት አይቸኩሉ። ቴሌግራም የሚጠቀሙ ከሆነ አዲሱ ላይ ሲገቡ የመግቢያ ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በአሮጌው ስልክ ላይ ባለው ቴሌግራም ውስጥ ነው። ከአዲሱ ኢንተርኔት አጋርተውት ቁጥሩን ያንብቡ። ስሞቹም ፎቶዎቹም ተሻግረው በዓይንዎ ካዩ በኋላ መጀመሪያ የጉግል አካውንትዎን ከአሮጌው ስልክ ላይ ያስወግዱ፣ ቀጥሎ ከቅንብሮቹ ውስጥ ስልኩን ወደ ፋብሪካ ይዞታው ይመልሱ፤ ማለትም ያለበትን ሁሉ ደምስሰው እንደ አዲስ ያድርጉት። አካውንቱ ሳይወጣ በግድ የተደመሰሰ ስልክ ሲከፈት የቀድሞውን ባለቤት የይለፍ ቃል ሊጠይቅ ይችላል። እንዲህ የተቆለፈባቸው ልጆች ከእናታቸው ጋር ሱቄ ይመጣሉ፤ የይለፍ ቃሉን የሚያስታውስ ከሌለ እኔም ልከፍትላቸው አልችልም።