ባሕር በሌለበት አገር አቆስጣ መቁጠር ሙያ ይሆናል ወይ?

ሰላም እህቴ፣

ከኮዬ ፈጬ የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። የሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነሽ። የዱር አቆስጣዎች (በእንግሊዝኛ «ሲል» የሚባሉት የባሕር አጥቢ እንስሳት) ቁጥር ሲጨምርና ሲቀንስ ባለሙያዎች እንዴት እንደሚከታተሉት ካየሽ ወዲህ ልብሽ እዚያው ቀርቷል። ቤተሰብ «ባሕሩ የት አለና?» እያለ ይስቃል፤ አንቺ ደግሞ ትምህርቱን አቋርጠሽ የባሕር ሳይንስ ፍለጋ ውጭ ለመሞከር እያሰብሽ ነው።

እንዳታቋርጪ። ለእንዲህ ያለው ሥራ በር የሚከፍተው ሁለተኛ ዲግሪ ነው፤ እሱን ደግሞ ያለ መጀመሪያው አታገኚውም። ምኞትሽን ግን እብደት አልለውም። የሙያው ዋና ነገር ቆጠራ ነው፣ ቆጠራ ደግሞ እዚሁ ይማሩታል።

አቆስጣ ብዙ ጊዜውን ውኃ ውስጥ ስለሚያሳልፍ ዳር ቆሞ ቆጥሮ መጨረስ አይቻልም። ስለዚህ ወደ የብስ የሚወጣበት ወቅት ይጠበቃል። ብሪታንያ ውስጥ ግራጫ አቆስጣዎች ዳርቻ ላይ ይወልዳሉ፤ ግልገሎቹም ነጭ ጸጉራቸውን እስኪቀይሩ ድረስ ሦስት ሳምንት ገደማ እዚያው ይከርማሉ። በዚህ ጊዜ አውሮፕላን ከላይ ያልፍና ፎቶ ያነሳል። አንድ ጊዜ ብቻ ቢያነሳ ግን አይበቃም፤ በመጀመሪያው በረራ ገና ያልተወለዱ አሉ፣ በመጨረሻው ደግሞ ቀድመው የተወለዱት ወደ ባሕር ገብተዋል። ስለዚህ በረራው በወቅቱ ውስጥ ይደጋገማል። ከዚያ አንድ ሰው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ነጭ ነጠብጣቦቹን ይለቅማል፤ ከተወለዱት ግልገሎች ብዛት ተነስቶም የጠቅላላው መንጋ መጠን በስሌት ይገመታል። ስኮትላንድ ያለው የሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ሥራ የታወቀ ነው። (ዋና አለመቻልሽ ያሳስበኛል ብለሻል። እንግዲህ እንዳየሽው የሥራው ትልቁ ክፍል ወንበር ላይ ነው።)

ሌላው መንገድ ምልክት ማድረግ ነው። አንታርክቲካ ውስጥ ኤሬበስ ቤይ በሚባለው ቦታ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ የዌዴል አቆስጣዎች መቅዘፊያ ላይ ቁጥር ያለው ምልክት ይታሰራል፤ ማን ተመለሰ፣ ማን ወለደ፣ ማን ቀረ የሚለው ይመዘገባል። የስሌቱ መነሻ ቀላል ነው። 40 እንስሳት ምልክት አድርገሽ ለቀቅሽ እንበል። ተመልሰሽ 50 ስታዪ 10ሩ ምልክት ካላቸው፣ ካየሽው አንድ አምስተኛው ምልክት አለው ማለት ነው። እንግዲያው 40ዎቹም የጠቅላላው አንድ አምስተኛ ናቸው፤ መንጋው 200 ይሆናል። ምልክቱ ከአንዳንዶቹ ላይ ወድቆ ከሆነስ? ግምትሽ ከእውነቱ በላይ ይወጣል። ይህን ጥያቄ ማንም ሳይነግርሽ ማንሳት ከጀመርሽ ሙያው ውስጥ ገብተሻል።

አሁን ወደ ሰፈርሽ እንምጣ። ከአቃቂ ወዲያ የአባ ሳሙኤል ግድብ ሐይቅ አለልሽ። በበጋ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ የሸሹ የውኃ ወፎች እዚያ ያርፋሉ። ጥር አካባቢ በመላው አፍሪካ የውኃ ወፎች ቆጠራ ይካሄዳል፤ በእኛ አገር የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ይሳተፍበታል። ሄደሽ በበጎ ፈቃድ መቁጠር እፈልጋለሁ በያቸው። አንድ ሺህ ዳክዬ አንድ በአንድ አይቆጠርም፤ አሥሩን ቆጥረሽ የያዙትን ቦታ በዓይንሽ ትለኪያለሽ፣ ከዚያ ያንን ልክ በመንጋው ላይ እየደጋገምሽ ትሄጃለሽ። ከጓደኛሽ ጋር ሆናችሁ፣ ሳትነጋገሩ ለየብቻ ቁጠሩና ልዩነታችሁን ጻፉ። ያ ልዩነት ከቁጥሩ እኩል ዋጋ አለው፤ ብዙ ተማሪ ግን አፍሮበት ይሰርዘዋል። የመመረቂያ ጽሑፍሽን ከዚህ ላይ አውጪው።

ከስታቲስቲክስ ኮርስ ደግሞ አትሽሺ። አር (R) የተባለውን የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ተለማመጂ፣ በነፃ ይገኛል። ለሁለተኛ ዲግሪ ስታመለክቺ «አቆስጣ እወዳለሁ» የሚል ደብዳቤ ብዙ ሰው ይልካል፤ የራሱን የቆጠራ መረጃ ከነስህተቱ ተንትኖ የሚያያይዝ ግን ጥቂት ነው። ኢራስመስ ሙንዱስ በተባለው የአውሮፓ ኅብረት የሁለተኛ ዲግሪ መርሐ ግብር ውስጥ ያሉ የባሕር ሥነ ሕይወት ፕሮግራሞች ለተመረጡ አመልካቾች ሙሉ ስኮላርሺፕ ይሰጣሉ፤ ማመልከቻው ትምህርቱ ከመጀመሩ ብዙ ወራት ቀድሞ ስለሚዘጋ የመጨረሻ ዓመትሽ ሲጀምር ፍለጋውን ጀምሪ።

እንጀራ ይሆናል ወይ ላልሽው፦ ቋሚ ቅጥር ጥቂት ነው፣ አብዛኛው የምርምር ገንዘብ እስካለ ድረስ የሚቆይ ኮንትራት ነው። ከአህጉራችን ሳትወጪ ናሚቢያና ደቡብ አፍሪካ ዳርቻ ላይ የኬፕ ፀጉራም አቆስጣዎች አሉ፤ እዚያ ያሉትን ዩኒቨርሲቲዎችም ተመልከቻቸው። አልሆነም እንበል፤ በባሌ ቀይ ቀበሮን፣ በሰሜን ተራሮች ዋልያን የሚከታተሉ ሰዎች የሚጠቀሙበት ዕውቀት ከዚሁ ጋር አንድ ነው። ለቤተሰብሽም ይህን ንገሪያቸው፤ መረጃ መሰብሰብና መተንተን የሚችል ሰው ድርጅቶች ሁሉ ይፈልጉታል።

መምህርሽን ከማነጋገርሽ በፊት አንድ ገጽ ረቂቅ ጽፈሽ ላኪልኝ። የትኛው ቦታ ላይ ቆመሽ፣ በስንት ሰዓት፣ በስንት ቀን ልዩነት፣ ከማን ጋር እንደምትቆጥሪ ይኑርበት። ብቻሽን ወደ ሐይቁ አትውረጂ፤ የከተማው ፍሳሽ የሚገባበት ውኃ ስለሆነም ቦት ጫማ አድርጊ።