የቤት ውስጥ የመጠጥ ጨዋታዎች፦ ጥያቄያችሁና መልሴ

ቅዳሜ ማታ አራት አምስት ሰው ሆኖ ቤት መሰብሰብ የምወድ ሰው ነኝ። ጨዋታውን የምመራውም ብዙ ጊዜ እኔ ነኝ። ስለ መጠጥ ጨዋታ የምትፈልጉትን ጠይቁኝ ብዬ ነበርና ጥያቄው ጎረፈ። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ያለ መጠጥ የማያስቅ ጨዋታ በመጠጥም አያስቅም። ቅጣት ስል ደግሞ አንዴ ፉት ማለት ነው፤ ብርጭቆ መጨለጥ አይደለም።

ጥ፦ ጋሼ፣ አምስት ጓደኛሞች ነን። ካርታም ዳይስም የለንም። በምን እንጀምር?

መ፦ በሰባት ጀምሩ። ክብ ሠርታችሁ በየተራ ትቆጥራላችሁ። ሰባት ያለበት ወይም ለሰባት የሚካፈል ቁጥር ሲደርስ ቁጥሩ አይጠራም፤ ባለተራው ያጨበጭባል። የተሳሳተ ፉት ይላል፣ ቆጠራው ከአንድ ይጀመራል። አሥራ ሰባት ላይ ብዙ ሰው አይሳሳትም፤ ስሙ ራሱ ያስጠነቅቃል። ሰው የሚወድቀው አሥራ አራት ላይ ነው። እሱን ያለፈ ደግሞ 27 እና 28 ላይ ይያዛል፤ ሁለት ሰው ተከታትሎ ማጨብጨብ አለበትና ሁለተኛው ሁሌም ይዘናጋል። ፍጥነቱን የሚጠብቅ አንድ ሰው ምረጡ። ቀስ ተብሎ ከተቆጠረ ጨዋታው ይሞታል።

ሁለተኛው የከተማ ስም ነው። አንዱ አዳማ ይላል። ቀጣዩ በመጨረሻው ፊደል ቤት ይቀጥላል፤ ማ ከሆነ ከመ እስከ ሞ ያለው ሁሉ ይሠራል። አዳማ፣ ሞጆ፣ ጅማ፣ መቀሌ፣ ላሊበላ፣ ለገጣፎ፣ ፍቼ። እዚህ ጋ ቀጣዩ ሰው ቻግኒ ካልመጣለት አለቀለት፤ በቸ ቤት የሚጀምር ሌላ ከተማ ፈልጋችሁ እዩት። ጨንቻም እንደዚሁ ነው። ነገሩ የገባቸው ሰዎች ፍቼን ቆጥበው ይይዙና የሚፈልጉት ሰው ላይ ይጥሏታል። የሀገር ውስጥ ብቻ ይሁን ወይስ የውጭም ይፈቀድ የሚለውን ሳትጀምሩ ተስማሙ፤ አለበለዚያ ማታው በክርክር ያልቃል።

ጥ፦ ሁሉም ጨዋታ ከፊልም የተቀዳ ነው የሚመስለኝ። የራሳችን የሆነ የለም?

መ፦ እንዴት አይኖርም! እንቆቅልሽ አለ። ልጅ ሆነን የተጫወትነው ማለት ነው። «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልሽ»፤ ያቃተው ሰው ደግሞ አገር ይሰጣል። እኔ ከዚህ የተሻለ የቤት ጨዋታ አላውቅም። ቅጣቱ አብሮት የተወለደ ነው፤ ምንም መጨመር አያስፈልግም። አገር የሰጠ ፉት ይላል፣ በቃ።

ግን አገር መስጠቱን እንዳትተዉት። ጣዕሙ ያለው እዚያ ነው። «ደብረ ዘይትን ሰጠሁህ» ሲባል ጠያቂው «አልፈልግም፣ ሌላ ጨምር» ማለት ይችላል። ባህር ዳርን ሲያገኝ ይስማማል። ከዚያ መልሱን ከመናገሩ በፊት ባህር ዳር ገብቶ የበላውን ዓሣ፣ የተቀመጠበትን የጣና ዳር፣ የተቀበሉትን ሰዎች እየዘረዘረ ይጎርራል። አንደበተ ርቱዕ የሆነ ጓደኛ ካላችሁ ይህን ድርሻ አሳልፋችሁ ስጡት። ዝም የሚል የሚመስላችሁ ሰው ተራው ሲደርስ ጎንደር ከተማን ከነፋሲለደሱ ተቆጣጥሮ አላስቀምጥ ሲላችሁም ታያላችሁ።

እንቆቅልሹን ደግሞ ከድሮው ብቻ አታምጡ። «በር የሌላት ነጭ ጎጆ» ሲባል እንቁላል መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ስለ ቤቱ፣ ስለ ሰፈሩ፣ እዚያው ስለተቀመጠው ሰው አዲስ ፍጠሩ። «ስንጠራው መንገድ ላይ ነው፤ መንገድ ላይ ነኝ ሲል አልጋ ላይ ነው» ብትሉ መልሱን ለማግኘት የማንንም ፊት ማየት አያስፈልግም።

ጥ፦ ኪንግ የሚሉት የካርታ ጨዋታ እንዴት ነው?

መ፦ 52ቱን ካርታ ገልብጣችሁ በክብ ትበትናላችሁ። እያንዳንዱ ቁጥር አንድ ትእዛዝ አለው፤ ትእዛዙን ራሳችሁ አስቀድማችሁ ጻፉት። ኪንግ ያወጣ ሰው ከመጠጡ መሀል ላይ ወዳለው ብርጭቆ ይጨምራል፣ አራተኛውን ኪንግ ያወጣ ያንን ይጠጣል። እኔ ይህን የመጨረሻውን ክፍል አልወደውም። ቢራ፣ ወይንና አረቄ የተቀላቀለበት ብርጭቆ ለማንም አይጥምም፣ ለአንድ ሰው በአንዴም ይበዛል። አራተኛውን ያወጣው ቡና ያፍላ ወይም የነገውን ቁርስ ይግዛ።

ጥ፦ በጠጅ ወይም በአረቄ ብንጫወት ችግር አለው?

መ፦ በአረቄ አትጫወቱ። 40 በመቶ አልኮል ያለው መጠጥ 40 ሚሊ ሊትር ብትቀዱ፣ 5 በመቶ የሆነ አንድ ባለ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ የያዘውን ያህል አልኮል አለው። ቢራውን ፉት ስትሉ ግማሽ ሰዓት ይፈጅባችኋል። አረቄው አንድ ጉንጭ ነው። ጉበት ደግሞ በግምት በሰዓት አንድ ቢራ የሚያህል ነው የሚያስወጣው፤ ጨዋታው ስለጣፈጠ አይፈጥንም። የቤት ጠጅ ጥንካሬው እንደ ጣይዋ ይለያያል፣ ማሩም ይሸፍነዋል። ስለዚህ ብርሌ ሳይሆን ትንሽ መለኪያ ተጠቀሙ።

ጥ፦ ከመካከላችን አንዷ አትጠጣም። ሁልጊዜ ዳር ትሆናለች።

መ፦ ዳር የምትሆነው ቅጣቱ መጠጥ ብቻ ስለሆነ ነው። ለሷ አምቦ ውሃ ወይም ያልፈላ ብርዝ አቅርቡ፣ እኩል ፉት ትበል። ለምን እንደማትጠጣ ማንም አይጠይቃት። ጾም ይሁን፣ መድኃኒት ይሁን፣ እርግዝና ይሁን የራሷ ጉዳይ ነው። እኔ ቤት ሁሉም ሰው ቅጣቱን መምረጥ ይችላል፦ ፉት፣ ዘፈን፣ ወይም እስክስታ። ማታው ሲገፋ ጠጪዎቹም ወደ እስክስታው ይዞራሉ።

ጥ፦ «በሞቴ» እያለ ሁሉንም የሚያስጠጣ ጓደኛ አለን። ልቡ ደግ ነው፣ ግን በዛብን።

መ፦ ይሄ በጣም የምጨነቅበት ነገር ነው። በሞቴ የፍቅር ቃል ነው። ለጉርሻ ያምራል። ለመጠጥ ሲሆን ግን የሰውን «ይበቃኛል» ይቀማል። እንዲህ አድርጉ፤ ጨዋታው ሲጀመር «በሞቴ»፣ «ስሞት» እና «እኔን ካልናቅከኝ» የተከለከሉ ቃላት ናቸው በሉ። ያለ ይቀጣል፤ ቅጣቱም መጠጥ ሳይሆን ብርጭቆ ማጠብ። ጓደኛችሁ በመጀመሪያው ሰዓት ሦስቴ ይያዛል፣ ራሱም ይስቃል፣ ሳይቀየም ይተወዋል። ብቻውን ጠርቶ ከመምከር ይሄ ይሻላል።

ጥ፦ «አድርጌ አላውቅም» የሚባለውን ስንጫወት ሁለት ሰው ተጣላ። ምን ይሻላል?

መ፦ ጨዋታውን ለማያውቅ፦ አንዱ ያላደረገውን ይናገራል፣ ያደረጉት ፉት ይላሉ። የሚጣፍጠው በቀላል ነገር ሲሆን ነው። «ታክሲ ውስጥ ሒሳብ ሳልከፍል ወርጄ አላውቅም» በሉና ስንት ብርጭቆ እንደሚነሳ እዩ። ባልና ሚስት ወይም እጮኛሞች ባሉበት ግን የድሮ ፍቅር ጥያቄ ከጨዋታው ይውጣ። ትሩዝ ኦር ዴርም (ወይ እውነቱን ተናገር፣ ወይ የታዘዝከውን አድርግ የሚባለው) ያው ነው።

ጥ፦ ወንድሜ 19 ዓመቱ ነው። ይጫወት?

መ፦ ይጫወት፣ በሚሪንዳ። የ2011 ዓ.ም. የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። አሜሪካ ላላችሁም ዕድሜው 21 ነው።

ጥ፦ ሪያድ ነው ያለሁት። እኛስ?

መ፦ እህቴ፣ ሳዑዲም ኩዌትም አልኮል በሕግ ክልክል ነው፤ ቤት ውስጥም ቢሆን። ለአንድ ማታ ጨዋታ ሥራሽንም መኖሪያሽንም አደጋ ላይ አትጣይ። ከላይ ያሉት ሁሉ በሻይ ይሠራሉ። እንቆቅልሹ እንዲያውም እዚያ ይበልጥ ደስ ይላል፤ አገር ስትሰጣጡ የናፈቃችሁትን ከተማ ነው የምትጠሩት።

ጥ፦ ሰው ከሰከረ ቡና ይሰጠዋል?

መ፦ ቡና ያነቃል እንጂ ስካሩን አያወጣም፤ ቀዝቃዛ ሻወርም እንደዚያው። መከላከሉ ከመጀመሪያው ነው፦ ባዶ ሆድ አትጀምሩ፣ ጥብስ ወይም ፍርፍር ይቅደም፣ ውሃ በጆግ መሀል ይቀመጥ። የመኪና ቁልፍ ሲገቡ በአንድ ሳህን ይሰብሰብ፣ መመለሻው ራይድ ወይም ፈረስ የሚባሉት ታክሲዎች ይሁኑ። ሰው ቢተኛና ስትቀሰቅሱት ካልነቃ፣ ትንፋሹም ከዘገየ፣ በጎኑ አስተኙት፤ በጀርባው አይደለም። ብቻውን አትተዉት። «ይተኛበት» ብላችሁ ክፍል ዘግታችሁ እንዳትወጡ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ ወዲያው ደውሉ።

ጥ፦ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው። ጎረቤት ይቆጣል።

መ፦ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ የከተማ ስሙን በሹክሹክታ ተጫወቱት። ጮክ ያለ ፉት ይበል።

ጥ፦ እኔና ባለቤቴ ብቻ ብንሆንስ?

መ፦ አንድ እሽግ ካርታ ይበቃችኋል። ከመገለጡ በፊት ቀይ ወይስ ጥቁር ብላችሁ ገምቱ፤ የሳተ ፉት ይበል፣ ሦስት ተከታታይ ያገኘ ደግሞ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ። ካርታውን ቶሎ ትረሱትና ጥያቄው ይቀጥላል።