ከአሮጌ የፒክአፕ ክዳን የሚሠራ የካምፕ ተጎታች፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በዚህ ዕትም መልስ የምንሰጥባቸው አራት ጥያቄዎች ስለ አንድ ሥራ የተጻፉ ናቸው። በአሜሪካ የሚኖሩ አንባቢዎቻችን ከመኪና መፈታቻ ግቢ በርካሽ የሚገኘውን የፒክአፕ ክዳን፣ ማለትም በፒክአፕ የጭነት ሣጥን ላይ የሚደፋውንና በተለምዶ «ቶፐር» የሚባለውን ሽፋን፣ በትንሽ ተጎታች ላይ እየገጠሙ የቤተሰብ ማደሪያ መሥራት ጀምረዋል።

ጥያቄ፦ ባለ 8 ጫማ ፒክአፕ ላይ የነበረ የፋይበርግላስ ክዳን በ150 ዶላር ገዛሁ። ስፋቱ 68 ኢንች ነው። ጎረቤቴ ደግሞ 5 በ8 ጫማ የሆነ፣ 400 ፓውንድ ገደማ የሚመዝን የዕቃ ተጎታች ሊሸጥልኝ ነው። መኪናዬ ቶዮታ ሲዬና ነው። ሠርቼ ስጨርስ ባለቤቴንና የስድስት ዓመት ልጄን ይዤ ወደ ሮኪ ተራሮች ለመውጣት አስቤአለሁ። ክዳኑ ከተጎታቹ ስለሚሰፋ እንዴት እንደማስቀምጠው ግራ ገብቶኛል። ሌላም ልጠነቀቅበት የሚገባ ነገር ካለ ብትነግሩኝ።
ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ

መልስ፦ የገዙት ዕቃ ጥሩ ነው። ፋይበርግላስ አይዝግም፤ የዚህ መጠን ያለው ክዳንም 200 ፓውንድ ገደማ ስለሚመዝን አራት ሰው ያለ ችግር አንሥቶ ያስቀምጠዋል። ነገር ግን ክዳኑ ጣሪያና መስኮት ብቻ ነው። ከጠርዙ እስከ ጣሪያው ያለው ከፍታ 2 ጫማ ያህል በመሆኑ፣ በቀጥታ በተጎታቹ ወለል ላይ ቢያስቀምጡት መተኛት እንጂ መቀመጥ አይችሉም። ስለዚህ ከወለሉ ተነሥቶ ክዳኑን የሚሸከም የፕላይውድ ግድግዳ መሥራት ይኖርብዎታል፤ የስፋቱም ችግር የሚፈታው እዚያው ግድግዳ ላይ ነው።

ተጎታችዎ 60 ኢንች ይሰፋል፣ ክዳኑ 68፤ ልዩነቱ በየጎኑ 4 ኢንች ነው። ግድግዳውን በተጎታቹ ጠርዝ ላይ ቀጥ አድርገው እስከ 24 ኢንች ያንሡትና በአናቱ ላይ ወደ ውጭ በየጎኑ 4 ኢንች የሚወጣ ጠንካራ የእንጨት መደርደሪያ ይምቱበት። ክዳኑ የሚያርፈው በዚህ መደርደሪያ ጠርዝ ላይ ይሆናል። መደርደሪያው ከጎማው በጣም ከፍ ብሎ ስለሚቀር ተጎታቹ ጉድጓድ ሲገባ ጎማው አይነካውም፤ ከውስጥ ደግሞ መነጽርና የእጅ ባትሪ የሚቀመጥበት ቦታ ያገኛሉ። ከሥሩ በየ16 ኢንቹ የብረት ማዕዘን ይደግፉት፤ የታችኛውንም ገጽ ቀለም መቀባት አይርሱ፣ ጎማ የሚረጨው ውሃ የሚመታው እሱን ነውና። ክዳኑን በፒክአፕ ላይ በነበረበት መቆንጠጫ ብቻ ከመያዝ ይልቅ ቡሎን አሳልፈው፣ ከሥር ሰፊ ሮንዴላ አድርገው ያጥብቁት። ዳዶውን ከልክ በላይ ካጠበቁት ፋይበርግላሱ ይሰነጠቃል።

ግድግዳውን ከ24 ኢንች በላይ ለማሳደግ ይፈተኑ ይሆናል፤ እኔ አልመክርም። ቁመቱ በጨመረ ቁጥር ክብደቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ የተራራው ነፋስ የሚገፋውም ገጽ ይሰፋል።

አሁን አብዛኛው ሰው ወደሚዘነጋው ነገር ልለፍ። የካምፕ ተጎታች ሰው የሚጎዳው ስለሚያፈስ አይደለም፤ ሚዛኑ ከተዛባ በኋላ በፍጥነት ስለሚነዳ ነው። የእርስዎን ሥራ በግምት ብናሰላው ተጎታቹ 400፣ ክዳኑ 200፣ እንጨቱ 220፣ ፍራሽና ልብስ 60፣ አምስት ጋሎን ውሃ 42 ፓውንድ ይሆናሉ። በረዶ ሣጥኑ፣ ባትሪው፣ ምድጃውና ስንቁ ሲጨመሩ 1100 ፓውንድ አካባቢ ይደርሳል። ሲዬና እስከ 3500 ፓውንድ መጎተት ስለሚችል በዚህ በኩል ስጋት የለም፤ የሚያስገጥሙት መጎተቻም ይህን ክብደት የሚችል መሆኑን ብቻ ያረጋግጡ። ወሳኙ ጥያቄ ከዚህ ክብደት ምን ያህሉ ተጎታቹ ከመኪናው ጋር በሚያያዝበት በመጎተቻው ኳስ ላይ እንደሚያርፍ ነው። ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶ፣ ማለትም በእርስዎ ከ110 እስከ 165 ፓውንድ መሆን አለበት። ከዚያ ካነሰ ተጎታቹ በነፋስ ወይም በቁልቁለት ጭራውን ማወናጨፍ ይጀምራል፤ መወናጨፉም በየዙሩ እያደገ የፊተኛውን መኪና ይዞ ሊገለበጥ ይችላል።

በዚህ ዓይነት ተጎታች ላይ ስህተቱ የሚፈጠረው በሩ ከኋላ በመሆኑ ነው። ሰው ሲደክመው ውሃውንና በረዶ ሣጥኑን ለእጁ በሚቀርበው ቦታ፣ በበሩ ሥር ያስቀምጣል፤ ያ ቦታ ግን ከአክስሉ፣ ማለትም ሁለቱን ጎማዎች ከሚያገናኘው ዘንግ፣ ኋላ ነው። ከባድ ዕቃ ከአክስሉ ፊት ይቀመጥ። አክስሉ ራሱ ከሣጥኑ የፊት ጠርዝ 57 ኢንች ያህል፣ ማለትም ከርዝመቱ 60 በመቶ ላይ እንዲሆን ማድረግ በሰፊው የሚሠራበት ልክ ነው። ለመለካት ተጎታቹን እንደ ጉዞ ቀን ሙሉ በሙሉ ይጫኑት፣ ጎማው እንዳይንከባለል በእንጨት ይደግፉ፣ ከዚያም የመጎተቻ ክንዱን በጉዞ ጊዜ በሚኖረው ከፍታ ልክ በተቆረጠ ጉማጅ አድርገው በመታጠቢያ ቤት የሰውነት ሚዛን ላይ ያሳርፉት። የሚያነቡት ቁጥር የሚፈልጉት ነው። መንገድ ላይ መወናጨፍ ከጀመረ ፍሬን በኃይል አይርገጡ፤ እግርዎን ከነዳጁ ላይ አንሥተው መሪውን ቀጥ አድርገው ይያዙ።

ሁለተኛው ነገር ለእኔ ከሁሉ የሚቀርበኝ ነው። የፒክአፕ ክዳን የተሠራው ዕቃን ከሌባ ለመጠበቅ እንጂ ሰው እንዲያድርበት አይደለም፤ የኋላው መስተዋት እጀታ የሚዞረው ከውጭ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ተጎታች በሠራሁበት ዓመት እናቴ ውስጥ አረፍ ብላ ሳለ ሕፃን ልጄ ከውጭ እጀታውን አዙሮ ወደ ጨዋታው ሄደ። እኔ ከምንጭ ውሃ ቀድቼ ስመለስ እናቴን በመስተዋቱ ላይ መዳፏን አሳርፋ፣ ላብ በላብ ሆና አገኘኋት። ምንም አልሆነችም፤ ያ የመዳፏ ምልክት ግን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። በብዙዎቹ ክዳኖች ላይ ከእጀታው ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚሄዱት ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች ከውስጥ ይታያሉ፤ በእነሱ ላይ ገመድ ወይም ትንሽ እጀታ ቢያስሩ ከውስጥ ስቦ መክፈት ይቻላል። ልጅዎ በጨለማ በራሱ እጅ እስኪከፍተው ድረስ ያለማምዱት። በተጨማሪም በአንደኛው የጎን ግድግዳ ላይ በማጠፊያ የሚከፈት ሁለተኛ መውጫ ይቁረጡ። ተጎታቹ በሚሄድበት ጊዜ ግን ማንም ሰው ውስጥ መቀመጥ የለበትም።

ስለ መብራቱ ባጭሩ፦ በባለ አራት ሽቦው ማገናኛ ነጩ ማሳ (ከተጎታቹ ብረት ጋር የሚያያዘው የመብራቱ መመለሻ ሽቦ)፣ ቡናማው የኋላ መብራት፣ ቢጫው የግራ ፍሬቻና ፍሬን፣ አረንጓዴው የቀኝ ፍሬቻና ፍሬን ነው። ማሳውን ቀለም ከተፋቀ ንጹሕ ብረት ጋር ያገናኙት፤ የሚንቦገቦግ መብራት ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። በክዳኑ አናት ላይ ያለውን ሦስተኛ የፍሬን መብራት ከቢጫው ወይም ከአረንጓዴው ጋር እንዳያገናኙት፣ ከፍሬቻው ጋር ብልጭ ድርግም እያለ የኋላውን ሾፌር ያሳስታል። ጎረቤትዎ የሚሸጥልዎትን ተጎታች ከመግዛትዎ በፊትም የጎማውን ዕድሜ ይመልከቱ። በጎኑ ላይ ከተጻፈው ረጅም ቁጥር የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ያመለክታሉ፤ 2315 ማለት በ2015 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ያልተበላ ቢመስልም እንዲህ ያረጀ ጎማ ይቀየር፤ ኩሽኔታውም ተከፍቶ አዲስ ግሪስ ይግባበት።

የመጀመሪያውን ሌሊት እዚያው ከተማችሁ አጠገብ ባለው የቼሪ ክሪክ ስቴት ፓርክ እንድታሳልፉ እመክራለሁ። የጎደለው ነገር ሁሉ በዚያ ሌሊት ይታወቃል፣ ቤታችሁም ቅርብ ነው። ከእናንተ ወደ ሮኪ ተራሮች በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለው የአይዘንሃወር ዋሻ በ11158 ጫማ ከፍታ ላይ ይገኛል፤ ከእሱ የሚወርደው ረጅም ቁልቁለት ያልተሞከረ ተጎታች የሚፈተንበት ቦታ መሆን የለበትም። በዚያ መንገድ ስትወርዱም ማርሹን ዝቅ አድርጋችሁ እንጂ ፍሬን ላይ ተኝታችሁ አትውረዱ።

ጥያቄ፦ ባለፈው በጋ ተመሳሳይ ተጎታች ሠርቼ ክዳኑንና እንጨቱን በሲሊኮን አጣበቅሁት። አሁን ጠዋት ጠዋት ፍራሹ ጠርዝ ላይ እርጥብ ነው። ሲሊኮኑን ሁለት ጊዜ ደረብሁበት፤ ለውጥ የለም።
ከሲያትል

መልስ፦ በመጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይለዩ። ዝናብ ባልዘነበበት ሌሊትም ፍራሹ ከራሰ የሚያፈስ ነገር የለም፤ የሁለት ሰው ትንፋሽ በቀዝቃዛው ፋይበርግላስ ላይ ወደ ውሃነት ተለውጦ እየወረደ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ አየር ማስገባት ነው። ሁለቱን የጎን መስኮቶች በየአንዳንዱ ሁለት ጣት ያህል ከፍተው ይተኙ፣ ከፍራሹም ሥር አየር የሚያልፍበት የእንጨት ርብራብ ያድርጉ።

የሚርሰው ሲዘንብ ብቻ ከሆነ ደግሞ አንድ ሰው የእጅ ባትሪ ይዞ ውስጥ ይግባና ሌላው ከውጭ በቱቦ ውሃ ያፍስስ። ከታች ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይውጣ፤ ከላይ ከጀመረ ውሃው ሁሉንም ቦታ ስለሚያረጥብ ቀዳዳውን መለየት አይቻልም። ከማጣበቂያው መስመር በፊት የሦስተኛውን የፍሬን መብራት ማሸጊያ ይፈትሹ፣ በአሮጌ ክዳኖች ላይ በጣም የተለመደው ማፍሰሻ እሱ ነው። ሲሊኮን ላይ ሲሊኮን መደረብ አይጠቅምም፤ በቆየ ሲሊኮን ላይ አዲሱ በደንብ አይይዝም። ሙሉ በሙሉ ፍቀው ያንሡትና በእንጨቱና በክዳኑ መካከል ውሃ የማይመጥ የስፖንጅ ጥብጣብ ያንጥፉ። ቡሎን በሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች ዙሪያ ቡቲል ከሚባል ለስላሳና ተለጣፊ ጎማ የተሠራ ጥብጣብ ያድርጉ፤ ቡቲል ለዓመታት ሳይደርቅ ስለሚቆይ መንገዱ ሲያንገጫግጨው አብሮ ይለጠጣል።

ጥያቄ፦ ራሴ ለሠራሁት ተጎታች ታርጋ ማውጣት እችላለሁ?
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ ይችላሉ። ከፋብሪካ የወጣ ተጎታች ገዝተው ክዳን ብቻ ከገጠሙበት የሻንሲ ቁጥሩና የባለቤትነት ወረቀቱ ያው የነበረው ነው። ብረቱን ራስዎ በይደው ከሠሩት ግን የስቴቱ የተሽከርካሪ መሥሪያ ቤት አዲስ ቁጥር ይሰጥዎታል፤ ለዚህም የብረቱን፣ የአክስሉንና የጎማውን ደረሰኝ፣ የሥራውንም ፎቶግራፍ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያስቀምጡ። ለኢንሹራንስዎም በጽሑፍ ያሳውቁ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በሠራው ተጎታች በየወሩ ከልጆቻችን ጋር እንወጣለን። ባለፈው ቅዳሜ ዝናብ ያዘንና ቡናችንን ውስጥ ለማፍላት ፈለግን። ከሰሉ ውጭ ተቀጣጥሎ፣ ጭሱ አልቆ ከቀላ በኋላ መስኮት ከፍተን ብናስገባው ምን ችግር አለው? ሌሊቱንም ያሞቅልን ነበር።
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ እባክዎን፣ እኅቴ፣ በፍጹም አያስገቡት። ከእናቶቻችን የተማርነው ከሰል ጭሱ እስኪያልቅ ውጭ መቆየት እንዳለበት ነው፤ ከዚህም የተነሣ የቀላ ከሰል ጉዳት የለውም የሚል እምነት በብዙዎቻችን ዘንድ አለ። የሚገድለው ግን የሚታየው ጭስ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከሰሉ ቀልቶ አመድ ሲለብስም፣ የጠፋ በመሰለ ጊዜም መውጣቱን አያቆምም። ልጆችዎ የሚተኙበት ቦታ ደግሞ 5 በ8 ጫማ ሆኖ ቁመቱ 4 ጫማ ቢሆን፣ ያለው አየር ጠቅላላው 160 ኪዩቢክ ጫማ ነው፤ ከአንድ ትንሽ መታጠቢያ ቤት ያንሳል። መስኮት ከፍቶ መተኛት ለትንፋሽ እርጥበት በቂ ነው፣ ለከሰል ግን አይበቃም። የጋዝ ምድጃም እንዲሁ ውጭ ይቅር።

ቡናውን ላለማስቀረት ከተጎታቹ የኋላ በር ፊት ለፊት ሸራ ወጥሩ። ሦስቱ ጎኖቹ ክፍት ይሁኑ፣ ረከቦቱና ምድጃውም ከበሩ ራቅ ብለው ይቀመጡ። ሰማዩ ከጠቆረ ደግሞ ዝናቡ ሳይጀምር አፍልታችሁ በፔርሙዝ ያዙት፤ ጀበናው ሲወርድ ከሰሉን ውሃ አፍስሳችሁበት አጥፉት እንጂ ለነገ ብላችሁ ወደ ውስጥ አታስገቡት። ለሙቀቱ ለእያንዳንዱ ልጅ ወፍራም የመኝታ ከረጢት ይግዙ፣ ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስ በካልሲ ጠቅልለው በእግራቸው በኩል ያድርጉላቸው።

በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያም ዛሬውኑ ይግዙና በሚተኙበት በራስጌ በኩል ያስገጥሙት። ከእናንተ አንዱ ራሱን ካመመው፣ ካዞረው ወይም ካቅለሸለሸው፣ ልጅ ደግሞ ሲቀሰቅሱት ለመንቃት ካስቸገረ፣ ምክንያቱን ለመፈለግ አይቆዩ፤ በመጀመሪያ ሁሉንም ወደ ውጭ ያውጡ፣ ከዚያ 911 ይደውሉ።