አእምሮን የሚያስጨንቁ ጌሞች፦ ከወሎ አንባቢያን ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ሰሞኑን ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅና ከወልድያ የደረሱኝ ጥያቄዎች በአብዛኛው አእምሮን በማስጨነቅ የሚያስፈሩ ጌሞችን ይመለከታሉ። በኳስና በተኩስ ጌም የሠለጠነ እጅ እዚህ ሲደርስ ለምን እንደሚከዳ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችኋል። እነዚህ ጌሞች ከጣት ፍጥነት ይልቅ ጆሮንና ትዕግሥትን ስለሚፈትኑ ነው፤ የምሰጣቸው መልሶችም አብዛኞቹ ወደዚሁ የሚያመሩ ናቸው።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ላፕቶፔ አሮጌ ነው፤ ራሙ 4 ጊጋባይት ብቻ ነው። አስፈሪ ጌም ለመጀመር ከየትኛው ልነሣ?

ወንድሜ፣ ከ«አምኒዥያ፡ ዘ ዳርክ ዲሰንት» ተነሣ። ፍሪክሽናል ጌምስ የተባለው የስዊድን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው ሲሆን፣ 2 ጊጋባይት ራም ባለው ኮምፒውተር ላይ ጭምር ስለሚሠራ ላፕቶፕህ አያንሰውም። በጌሙ ውስጥ ምንም ዓይነት መሣሪያ አይሰጥህም፤ መደበቅና መሸሽ ብቻ ነው ያለህ። በር እንኳ የኪቦርድ ቁልፍ በመጫን ብቻ አይከፈትም፤ ማውሱን ተጭነህ ይዘህ ወደ ራስህ መሳብ አለብህ። በሩን በጣት ስፋት ገርበብ አድርገህ ኮሪደሩን አጮልቀህ ስታይ፣ በሌላ ጌም የማታገኘው ፍርሃት ይሰማሃል።

ከዚሁ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው «ሶማ» ሻል ያለ የግራፊክስ ካርድ ቢፈልግም፣ በ2017 የተጨመረለት አማራጭ ጭራቆቹ እንዳይገድሉህ ስለሚያደርግ ታሪኩን ብቻ መከታተል ለሚሻ ሰው ይስማማል። «አውትላስት»ን ግን ለመጀመሪያ አልመክርህም፤ ማሳደዱ ፋታ ስለማይሰጥ ጀማሪ ምንም ሳይማር ተሰላችቶ ይተወዋል። ጌሙ ሲጀምር ብርሃን እንድታስተካክል ሲጠይቅህ የታዘዝኸውን ብቻ አድርግ፤ ሁሉም ነገር እንዲታይህ ብለህ ከፍ ካደረግኸው የተሠራበትን ዓላማ ታጠፋዋለህ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ አምኒዥያን ጀምሬያለሁ፤ ነገር ግን የፋኖሱ ዘይት ቶሎ ያልቅብኛል፤ በጨለማ ስቆም ደግሞ ስክሪኑ ይዞርብኛል። ጭራቁ ሲመጣም ሁልጊዜ ይይዘኛል። ምን ላድርግ?

እኅቴ፣ ስክሪኑ የሚዞርብሽ ዳንኤል የተባለው ዋናው ገጸ ባሕርይ አእምሮው እየተናወጠ ስለሆነ ነው። ጌሙ የአካሉን ጤና ለብቻ፣ የአእምሮውን መረጋጋት ደግሞ ለብቻ ይቆጥራል። ጨለማ ውስጥ ሲቆይ፣ ጭራቅ ሲመለከትና ዘግናኝ ነገር ሲገጥመው መረጋጋቱ ይቀንሳል፤ ብርሃን ባለበት ሲቆም መውረዱ ይገታል፤ እንቆቅልሽ ፈትቶ ወደፊት ሲራመድ ደግሞ ይመለስለታል። ስለዚህ በፍርሃት አንድ ቦታ ተሸጉጦ መቆየት የሚያድን ቢመስልም ቀስ በቀስ ይጎዳል።

ዘይቱ የሚያልቅብሽ ፋኖሱን እንደ ቤት መብራት ሁልጊዜ ስለምታበሪው ይመስለኛል። ፋኖስ ለመንገድ ነው፤ ለክፍል ደግሞ በየመሳቢያውና በየመደርደሪያው የምታገኛቸው መለኮሻዎች አሉልሽ። እነርሱ ግድግዳ ላይ ያለውን ችቦ ወይም ጠረጴዛ ላይ ያለውን ሻማ ይለኩሳሉ፤ አንዴ የተለኮሰውም በአብዛኛው እንደበራ ይቆያል። ደጋግመሽ የምትመላለሺበትን ክፍል ለይተሽ እዚያ አንድ ወይም ሁለት ሻማ አብሪ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ለምታልፊበት ክፍል መለኮሻ አታባክኚ። ፋኖሱን ስታጠፊም ወዲያው አትደንግጪ፤ ጥቂት ከታገሥሽ የዳንኤል ዓይን ጨለማውን ስለሚለምድ የዕቃውና የግድግዳው ቅርጽ ይታይሻል።

ጭራቁን በተመለከተ ዋናው ምክሬ አትዪው የሚል ነው። ምን እንደሚመስል ለማወቅ መጓጓት የሰው ባሕርይ ቢሆንም፣ ባየሽው መጠን አእምሮው ይናወጣል። ፋኖሱን አጥፊ፣ ጎንበስ ብለሽ ጥግ ያዢ፣ ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዙሪና እግሩን በጆሮሽ ተከተዪው። እርሱ አንቺን ካየሽ ግን መደበቁን ተዪውና ሩጪ፤ በር እየዘጋሽ፣ ካገኘሽም ሳጥን ወይም ወንበር ከበሩ ኋላ እያስደገፍሽ ሂጂ። በሩን መስበሩ አይቀርም፤ እስኪሰብረው ድረስ የሚወስድበት ጊዜ ግን ለማምለጥ ይበቃሻል።

ውሃ በሞላው ምድር ቤት የሚያጋጥምሽ ጭራቅ ደግሞ በዓይን አይታይም፤ መኖሩን የምታውቂው ውሃውን ሲረግጥ በሚነሣው ፍንጣቂና ድምፅ ብቻ ነው። እዚያ ከሳጥን ወደ ሳጥን እየዘለልሽ ከውሃው ራቂ። መውረድ ግድ ሲሆንብሽ በአካባቢው ከሚገኘው ሥጋ ቁራጭ አንሥተሽ ወደ ሩቅ ጥግ ወርውሪለት፤ እርሱ ወደዚያ ሲያመራ አንቺ ትሻገሪያለሽ። ስትሸነፊም ከቅርብ ቦታ ስለሚመልስሽ በአንድ ሞት ብዙ የምታጪው ነገር የለም።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ በ«ኤልየን፡ አይሶሌሽን» የሚያሳድደኝ ፍጡር ቁም ሣጥን ውስጥ ተደብቄ እንኳ ያገኘኛል። ያጭበረብራል ወይ?

አያጭበረብርም፤ ይሰማሃል። የብሪታንያው ክሪኤቲቭ አሴምብሊ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ይህ ጌም ፍጡሩን አንድ መንገድ ብቻ እየደጋገመ እንዲሄድ አላደረገውም፤ ድምፅ ተከትሎ ይፈልጋል። እጅህ ላይ ያለው የእንቅስቃሴ መጠቆሚያ የሚያሰማው ጢጥታ ሳይቀር ቅርብ ሲሆን ይደርሰዋል፤ እንግዲያው ርቀቱን ካወቅህ በኋላ ዝቅ አድርገው። አትሩጥ። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ሳለህ ወደ በሩ ሲጠጋ ወደ ኋላ ተደግፈህ ትንፋሽህን ያዝ። ከጣራው ቀዳዳ ለሐጭ የሚመስል ነገር ሲንጠባጠብ ካየህ ከላይ እየጠበቀህ ነውና ሌላ መንገድ ፈልግ። እሳት የሚተፋው መሣሪያ ደግሞ ያባርረዋል እንጂ አይገድለውም፤ ነዳጁን ለመጨረሻ ጭንቅ አቆየው።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ጉሙ እንደ ከተማችን ስለሆነ «ሳይለንት ሂል 2»ን እወደዋለሁ። ጉሙ ለምን ተደረገ? እስከ መጨረሻውስ ለመድረስ ምን ይጠቅማል?

የጦሳን ተራራ ጉም በሸፈነው ማለዳ ከፒያሳ ሽቅብ የተራመደ ሰው፣ ጥቂት ሜትር ወዲያ ያለው ነገር ሲሰወር ልብ ምን እንደሚሰማት ስለሚያውቅ ጥያቄህ ደስ አሰኝቶኛል። በተከታታዩ የመጀመሪያ ጌም፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው፣ ጉሙ የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ሩቅ ያለውን ከተማ በአንዴ ለመሳል አቅም ስላልነበረው ያንን ይሸፍንለት ነበር። በ2001 የወጣው ሁለተኛው ክፍል ደግሞ የተሻለ አቅም ባለው ፕሌይስቴሽን 2 ላይ ተሠርቶም ጉሙን አልተወውም፤ መደበቂያው የፍርሃቱ ዋና ምንጭ ሆኖ ተገኝቷልና። በዚህ ውስጥ ዓይንህን የሚተካው በኪስህ ያለው ሬዲዮ ነው፤ ጭራቅ ሲቀርብ መንሾሽ ይጀምራል። ሰፊ ጎዳና ላይ ከሆንህ ሳትዋጋ በጎን እለፍ፤ ጥይትህን ጠባብ ኮሪደር ውስጥ ላለው አስቀምጥ።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። የታሪኩ መደምደሚያ ከአንድ በላይ ነው፤ የትኛው እንደሚደርስህም የሚወሰነው በአጨዋወትህ ነው። ቆስለህ ሳትታከም ብዙ ከቆየህ፣ ወይም የዋናውን ገጸ ባሕርይ የጄምስን ሚስት ፎቶና ደብዳቤ አዘውትረህ ከተመለከትህ ጌሙ ያንን ይመዘግባል። ለራስህ የምታደርገው ጥንቃቄ ራሱ የታሪኩ አካል መሆኑን በጣም አደንቅለታለሁ። እ.ኤ.አ. በ2024 እንደገና ተሠርቶ የወጣው ግን 16 ጊጋባይት ራም ይጠይቃል።

ጥያቄ (ከሐይቅ፣ ከአንዲት እናት)፦ የ13 ዓመት ልጄ «አውትላስት» የሚባል ጌም ሌሊት ይጫወታል፤ እንቅልፍ አጥቷል። አያቱ ጂኒ ይጠራበታል ብለው ተጨንቀዋል። ልከልክለው?

አዎ፣ እናቴ፣ ይህን ጌም ይከልክሉት። በአውሮፓ የዕድሜ ደረጃ ምደባ 18 ዓመት ለሞላቸው ብቻ የተፈቀደ ሲሆን፣ የሚያሳየው የአካል መቆራረጥ ለ13 ዓመት ልጅ አይሆንም። የአያቱን ጭንቀት አክብረው ያድምጡላቸው፤ ልጁ እንቅልፍ የሚያጣበት ምክንያት ግን ሰውነቱ ለሰዓታት በድንጋጤ ስለሚቆይና ሳይረጋጋ ስለሚተኛ ነው። ለጥቂት ቀናት አቁሞም እንቅልፉ ካልተመለሰ ወይም ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ እሰማለሁ ካለ፣ ዱዓውም ሆነ ጸሎቱ ሳይቀር ወደ ሐኪም ይውሰዱት።

በዚህ አጋጣሚ ልጁን ቢያነጋግሩት መልካም ነው፤ ምክንያቱም «አውትላስት» በአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ውስጥ የሚካሄድ ሲሆን ታማሚን እንደ አውሬ ያሳያል፤ ይህን ከልቤ እቃወማለሁ። ኒንጃ ቲዎሪ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው «ሄልብሌድ» በአንጻሩ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ባለሙያ በሆኑት በፖል ፍሌቸርና ሳይኮሲስ የተባለው የአእምሮ ሕመም ባጋጠማቸው ሰዎች ምክር የተሠራ በመሆኑ፣ ድምፅ የሚሰማትን ሴት ስቃይ በክብር ያሳያል። እርሱም ለአዋቂ ነው፤ ልጁ ሲያድግ ይደርስበታል።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ መብራት በድንገት ሲጠፋ የተጫወትሁት ሁሉ ይጠፋብኛል። መላ አለው?

አብሽር፣ መላ አለው። አምኒዥያ በየመሐሉ ራሱ ሴቭ ያደርጋል። በ2001 የወጣው «ሳይለንት ሂል 2» ግን ቀይ አራት ማዕዘን ምልክት ባለበት፣ «ኤልየን» ደግሞ ግድግዳ ላይ ባለው ማሽን ብቻ ስለሆነ፣ ምልክቱን ባገኘህ ቁጥር ሳትሰንፍ ሴቭ አድርግ፤ በ«ኤልየን» ካርዱ ገብቶ እስኪጨርስ ጥቂት ሰከንድ ይፈጃል፤ ፍጡሩም በዚያ መሐል ሊይዝህ ይችላልና መጀመሪያ ዙሪያህን አዳምጥ። ዴስክቶፕ የምትጠቀም ከሆነ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ፣ ግዛ፤ ላፕቶፕ ከሆነም ባትሪው የደከመውን ሳታስቀይር እነዚህን ጌሞች ማምሻውን አትጀምር።