ቁርባኑን ያፈረሰው ማን ነው?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ቡሬ አካባቢ ነው። በቁርባን ከተጋባን 11 ዓመታችን ነው፤ ሦስት ልጆች አሉን። ባለቤቴ የበርበሬ ነጋዴ ነው፤ ይደበድበኛል። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ አስታርቆናል፣ አልተወም። ልፋታው ብል ገንዘቡ ሁሉ የእሱ ነው፤ የጨው መግዣ እንኳ ለምኜ ነው የማገኘው። ከሁሉ በላይ ግን «ቁርባኗን አፈረሰች» መባልን እፈራለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ ይህን ቃል በጎጃም ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ሁልጊዜም የሚባለው በሴቲቱ ላይ ነው። ሌሊት ሚስቱን ሲደበድብ አድሮ ጠዋት ነጠላውን አጣፍቶ ደጀ ሰላም የሚሳለመውን ሰው «ቁርባኑን አፈረሰ» ሲሉት አልሰማሁም። ሥጋ ወደሙን የተቀበላችሁት አብራችሁ ነው። እጁን ያነሣው በዚያ ቅዱስ ምሥጢር አንድ በሆነው ሥጋ ላይ ነው፤ ቁርባኑ የተደፈረውም ያን ሌሊት ነው፣ አንቺ ልጆችሽን ይዘሽ በር በከፈትሽ ጊዜ አይደለም። ሐዋርያው «ባሎች ደግሞ እንደ ገዛ ሥጋቸው አድርገው የገዛ ሚስቶቻቸውን ሊወዱአቸው ይገባቸዋል» ያለው (ኤፌ. 5፥28) ለባሎች ነበር፤ እኛ ግን ለሴቶች ብቻ «ተገዙ» እያልን ኖርን።

ከዓመታት በፊት ሽምግልና ተቀምጬ አንዲትን ሴት «ቻይው ልጄ፣ መስቀልሽ ነው» ብዬ ሸኝቻት ነበር። በሳምንቱ መስቀል ልትሳለም ጎንበስ ስትል ነጠላዋ ሸርተት አለ፤ ከጆሮዋ ሥር እስከ አንገቷ ጠቁሯል። እሷም ቶሎ ብላ ሸፈነችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ቃል ከአፌ አልወጣም። ጌታ ተሸከሙት ያለን መስቀል ስለ ስሙ የሚመጣብንን መከራ ነው፤ የባል ጡጫ መስቀል አይባልም። ሄሮድስ ሕፃኑን ሊገድል በፈለገ ጊዜ እመቤታችን «እችላለሁ» ብላ አልተቀመጠችም፤ ልጇን ታቅፋ ከዮሴፍ ጋር በሌሊት ወጣች። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 በማኅሌተ ጽጌ የምናስበው ያንን ስደት አይደለምን?

መውጣትና መፋታትም አንድ አይደሉም። ቅዱስ ጳውሎስ «ብትለያይ ግን ሳታገባ ትኑር ወይም ከባልዋ ትታረቅ» ይላል (1ቆሮ. 7፥11)። ነፍስሽን ለማዳን እናትሽ ቤት ብትገቢ ቁርባንሽ አይፈርስም። የፍቺው ነገር በንስሐ አባትሽ በኩል ለቤተ ክህነት ይቅረብ፤ እስከዚያ ግን ዱላ ሥር ሆነሽ መልስ አትጠብቂ።

«ገንዘቡ ሁሉ የእሱ ነው» ያልሽውን ግን አልቀበልም። በርበሬው ሲሰጣ ፀሐይ ላይ ቆሞ የሚያገላብጠው ማን ነው? ሲቀነጠስ ጣቶቹ ተቃጥለው፣ ሌሊት እጁን ውኃ ውስጥ ነክሮ የሚቀመጠውስ? ነጋዴው ገበያ ውሎ ሲገባ እሳቱን አንድዶ፣ ልጆቹን አብልቶ የሚጠብቀውስ? በትዳር ዘመን የተፈራ ሀብት የሁለታችሁ ነው፤ ሕጉም በፍቺ ጊዜ እኩል ያካፍላል። የእርሻ መሬት ካላችሁ የይዞታ ደብተሩን ገልጠሽ ተመልከቺ፤ የባልና የሚስት ስም ጎን ለጎን የሚጻፍበት ምክንያት አለው። አባት ከልጆቹ ተለይቶ ቢኖርም ቀለባቸውን የመስጠት ግዴታ አለበት። ይህን ለመጠየቅ ወረዳ ፍርድ ቤት መሄድ ኃጢአት ነው የሚሉሽን አትስሚ፤ ጳውሎስም በግፍ ሲከሰስ ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል (ሐዋ. 25፥11)።

እርቅን አልጠላም፤ ትዳራችሁ ቢድን ደስታዬ ነው። ነገር ግን አራተኛው እርቅ እንደ ሦስቱ ጠላ ተጠጥቶበት የሚያልቅ አይሁን። ባልሽ ለንስሐ አባቱ ይናዘዝ፣ የተሰጠውን ቀኖና ይፈጽም፣ ዳግመኛ እጁን እንዳያነሣ ዋስ ይጥራ፤ ከዚያም ጊዜ ወስደሽ ጠባዩን እዪው። «ዛሬውኑ ካልተመለስሽ» የሚልሽ ሽማግሌ ቢመጣ፣ ማታ እዚያ ቤት የሚያድር እሱ እንዳልሆነ በትሕትና ንገሪው።

ለንስሐ አባትሽ ያየሽውን ሁሉ ሳትደብቂ፣ ቁስልሽንም ሳትሸፍኚ ተናገሪ። እሑድም ልጆችሽን ይዘሽ ቅዳሴ አስቀድሺ፤ እንደ በደለኛ ከኋላ አትቁሚ።